ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረው የልጄ ድምፅ

በየትኛው ወር እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ልጄ ከሞተ በኋላ ግን እንግሊዝ አገር ሜድስቶን ከተማ ወዳለው ቤቴ የሚመጣው ለቅሶ ደራሽ ገና አልተቋረጠም ነበር። ልጄ ሲዘምር የቀዳው ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል። የሚያጫውተው ፕሮግራም ግን ላይብረሪ የሚሉት አጋዥ ፕሮግራም ጎድሎት አልከፈት አለን። እጮኛው ያገኘችው የላይብረሪውን ኮድ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ጽሑፉን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር ነበረበት። ጠዋት አስጀምራው፣ "አባባ፣ እስከ ማታ ይፈጃል፤ አይንኩት" ብላኝ ሥራ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያጽናኑኝ መጡ። በለቅሶ ቤት ማሽን ሲያጓራ ነውር መሰለኝና ገመዱን ነቀልኩት።

ስትመለስ የጠቆረውን ስክሪን አየች።

"ነቀሉት እንዴ?"

"እንግዳ መጣብኝ፣ ልጄ።"

"ኮምፒውተሩም እኮ ለቀስተኛ ነው፣ አባባ!" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

በማግስቱ ላይብረሪው ተጫነና ልጄ ዘመረ። ትንሽ እንደዘመረ ሳል ያዘው፤ "ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ" አለ።

ውሃ ላመጣለት ተነሣሁ።

እጄን ይዛ መልሳ ያስቀመጠችኝ፣ ያንንም ዓመት ያሻገረችኝ፣ ይህችው የልጄ እጮኛ ናት።