ለማሠልጠን የሄደው ባለቤቴ

ባለቤቴ የራግቢ አሠልጣኝ ነው። ሞላላ ኳስ ታቅፈው የሚጋፉበትን ጨዋታ ሊያስተምር ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ከዚያም ዱባይ ለዓመታት ከረመ። እኔ በስደት ከተማችን ስካርቦሮ ቀርቼ ሁለት ልጆች አሳደግሁ። በረዶ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ፊሽካ ነፍቶ ጨዋታውን ያስቆመልኝ ዳኛ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ የሆኑት እናት የት እንደሄደ ሲጠይቁኝ፣ «ለማሠልጠን» አልኋቸው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የሚሠለጥነው አገልጋይ ብቻ ስለሆነ፣ ለወንጌል የወጣ መሰላቸው። ምን እንደሚያሠለጥን የጠየቀኝ የለም። በየእሑዱ ተጸለየለት፤ ለእኔ «ታድለሽ!» ተረፈኝ።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ተመለሰ። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ምስክርነት እንዲሰጥ ጋበዙት። የማንንም ስሕተት ሳያርም ተነሣ።

«በሄድኩበት ሁሉ ትግሉ ከባድ ነበር» አለ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«ወጣቶቹ ሲወድቁ አነሣናቸው።»

«አሜን! ሃሌ ሉያ!»

አንዲት ውሸት አልወጣውም፤ በዚህስ አይታማም።

ከዚያ መጋቢው ማይኩን ወደ እኔ አመጣው። «እናታችን፣ እርስዎም ለወንጌል ስለከፈሉት ዋጋ አንድ ቃል ይበሉን።»

«ዋጋውንስ ከፍያለሁ» አልሁ። «ግን ለኳስ ነው። ባለቤቴ የሚያሠለጥነው ራግቢ ነው። ልጆቹን ያሳደግኩት ብቻዬን ነው።»

ሕዝቡ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለቤቴ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ዛሬ ጆሯቸው የደከመው እኒያ የጸሎት መሪ ግን ከኋላ ሆነው፣ «አሜን!» አሉ ጮክ ብለው።

በዚያ ቤት ለእኔ አሜን ሲባል የመጀመሪያው ነበር።