ጉድጓዱን ማን አተመው?

ሰሞኑን ከላፍቶ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት መልኩን ለየሁት። ቧንቧ ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ ከሚቀዳበት ጉድጓዳችን፣ «ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው» ብሎ ውሃ በጠርሙስ የወሰደው ተመራማሪ ነው። ውጤቱን እነግራችኋለሁ ብሎን እንደወጣ ቀርቷል። ባለቤቴ ሆዷን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር እኔም እሷን ልጠይቅ መሄዴ ነው።

«ልጄ፣ የጉድጓዳችን ነገር ከምን ደረሰ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ታትሟል እኮ አባባ! ውጭ አገር ሳይቀር ይነበባል።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ታተመ ሲባል የማውቀው የጌታን መቃብር በድንጋይ ገጥመው ማተማቸውን ነው። ግራ ገባኝ።

«ማን አተመው ልጄ? ዛሬም ጠዋት ቀድተንበታል።»

«ጉድጓዱ አይደለም አባባ፣ ጥናቱ ነው የታተመው!» ብሎ ሳቀ። ከፊታችን ያሉትም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ይሁን፣ እግዜር ይስጥህ። ምን ይላል ታዲያ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «አባባ፣ እስካሁን ትጠጡታላችሁ እንዴ?» አለኝ።