አማቴን ከቤታቸው ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ ለባሌም አልተናገርኩም። ወሬ ወዳድ መሆኔን ሰቆጣ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ሳወራ ኖሬ የራሴን ግን ዋጥኩት። ዛሬ እናንተ የምታነቡ ስሙኝ።

የባሌ እናት እማማ ስንዱ ከአምደወርቅ ወዲያ ባለው መንደራቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ታክመው ሲወጡ እኔ ቤት አረፉ። ለጊዜው ነበር። ቃላቸው አንድ ነው፤ «የቤቴን ደፍ በእግሬ መሻገር የቻልኩ ቀን እሄዳለሁ። እዚያ ኖሬአለሁ፣ እዚያው ልሙት።»

ሰፈራችን የምትኖር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከሥራዋ ስትወጣ ጎራ ትልላቸው ነበር። ከመደብ አነሳስ አስተማረቻቸው፤ ጎንበስ ብሎ፣ መደቡን በክንድ ገፋ አድርጎ። እኔን ደግሞ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። «እትዬ፣ እጃቸውን አትሳቢ። ውሃቸውን ራሳቸው ይቅዱ፣ ራሳቸው ይታጠቡ። አጠገባቸው ቁሚ እንጂ አትሥሪላቸው።» የመንደሩ ቤት መደብ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ደፉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሳይቀር ጠየቀች። የባሌ ወንድም እሷ እንዳለችው መደቡን በጭቃ ከፍ አደረገው፤ ከጎኑም ሲነሱ የሚይዙት ምሰሶ ተከለ። ቤቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ጀመር።

እማማም ይተጉ ነበር። እግራቸው እምቢ ሲላቸው በአፍ መፍቻቸው በኽምጥኛ ይሰድቡታል። «ምን እያሉት ነው?» ስላቸው፣ «ላንቺ አይነገርም፣ የባለጌ ነው!» ብለው ይስቃሉ።

አንድ ቀን እሳቸው ከበርሜሉ ውሃ ሲቀዱ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ እንደቆምኩ፣ ጎረቤቴ አበበች ገባች።

«ኧረ አንቺ! ምራት ቆማ አማት ትቅዳ? ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

አማቷን የምታሠራ ምራት በእኛ አገር ስሟ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ፊቴ ጋለ። ጆጉን ከእጃቸው ቀማሁ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉን እኔ ሠራሁላቸው። አነሳኋቸው፣ አጠብኳቸው፣ ውሃውን አፋቸው ድረስ አደረስኩላቸው። «ልጄ፣ ዛሬ ልምምዱን አናደርግም?» ሲሉኝ፣ «ይረፉ እማማ፣ ነገ» እላለሁ። ነገም ሲመጣ ነገ። ባለሙያዋ «እየሠሩ ነው?» ስትለኝ ዓይኗን እያየሁ «በደንብ!» አልኳት። እማማ እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ። «ታዲያ ለምን አልተሻላቸውም?» አለች ተጨንቃ። «እርጅና ይሆናላ» አልኳት። ልጅቷ የሥራ ዝውውር አግኝታ ስትሄድ፣ አልደብቃችሁም፣ እፎይ አልኩ።

አበበችን ልከስ ነው? አይደለም። እሷ አንድ ቀን ተናግራ ወጣች። እኔ ግን በየቀኑ አደረግኩት። ለምን? ባሌ መኪና ይዞ ወጥቶ ይከርማል፤ ልጆቼ ሁሉም ወጥተዋል። ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ በራሴ ፊደል ቆጥሬ ያነበብኩትን ሁሉ ለእማማ ስተርክላቸው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሉኛል። እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እግራቸው ሲጠና ባየሁ ቁጥር ልቤ ይከፋ ነበር። አሮጊት ዳነች ብሎ የሚከፋው ሰው አለ? አለ፤ እኔ ነኝ። የአበበች ንግግር ምክንያት ሆነልኝ እንጂ እኔ ፈልጌው ነው። ባይሄዱብኝ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ጉልበታቸው ደርቆ ቀረ። ባለፈው መኸር የባሌን ወንድም አስጠሩት። «ቤቱን ልጅህን ዳርበት። እኔ አልመለስም» አሉት። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ቀን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ «ምሳ ላቅርብ?» አልኩ።

ዛሬም እኔ ቤት መደቡ ላይ ናቸው። ባነሳኋቸው ቁጥር፣ «እግር ሆንሽኝ፤ እግርሽን እንቅፋት አይምታው» ብለው ይመርቁኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ። በየትኛው አፌ?

እናንተን ይቅር በሉኝ ማለት ይቀላል፤ የተወሰደው እግር የእናንተ አይደለም፣ ቤቱም የእናንተ አልነበረም። ይቅርታ የምጠይቃቸው እሳቸውን ነው። ሳልነግራቸው ቢሞቱስ? ብነግራቸውስ፣ የሚያነሳቸው ሌላ ሰው በሌለበት፣ «ይቅር አልልሽም» የማለት አቅም የት አላቸው? ያንንም የነሳኋቸው እኔ ነኝ።

ይኸው፣ ከወዲያ ክፍል «ልጄ፣ አንሺኝ» እያሉ ይጠሩኛል።