ኳስ የማታውቀው አሰልጣኝ

ሰው ዕድሜ ልክሽን ምን ስትሠሪ ኖርሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ ተማሪዎቿ «ካርታ» ይሏት የነበረችው ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት ወንዙንም ተራራውንም ዘላ በቀጥታ ወደ ኳሱ ትገባለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቡድን ያሰለጠነችው አንድ ዓመት ብቻ ነው። አወራሯ ግን በሕይወቷ ሌላ ሥራ የሠራች አያስመስላትም። ሰዓት ጠጋኙ ባሏ «ይኸው ጀመረች» ብሎ ወደ ብሎኖቹ ይመለሳል፤ እሷም ከቁም ነገር ሳትቆጥረው ትቀጥላለች። ደግሞስ ብትኮራ ማን ይፈርድባታል?

አሰልጣኝ የሆነችው በማርፈዷ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የስፖርት መምህሩ ሌላ ትምህርት ቤት የተሻለ ቦታ አግኝቶ እብስ አለ። ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰብስቦ ቡድኑን ማን ይረከባል ቢል፣ ሁሉም የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። የኬሚስትሪው ወገቤን አለ። የሒሳቡ ቤቴ ሩቅ ነው አለ፤ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። እሷ ፈተና ስታርም ዘግይታ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበላት። ለምን እንደተጨበጨበላት ሳይገባት «አመሰግናለሁ» አለች፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ።

ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ልጆቹ ማልያ ለብሰው ሜዳ ላይ ሲጠብቋት፣ ሰብስባ ክፍል አስገባቻቸው። ሰሌዳው ላይ ሜዳውን ከነመስመሩ ሣለች፤ በመሣል መቼም የሚችላት የለም። ከዚያ ጠመኔውን ለበረኛው ሰጥታ እንደ ተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ» አለቻቸው። «አስረዱኝ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው ሳቃቸውን ዋጡ። በቁመቱ «መሰላል» የሚባለው በረኛ የእኔ ሥራ ኳስ መያዝ ነው ብሎ ሊቀመጥ ሲል አስቆመችው። ኳሷ በየት በኩል ነው የምትመጣብህ አለችው። በግራ አላት። ለምን በግራ ስትለው መሰላል ጠመኔውን ማገላበጥ ያዘ፤ «ጥድፊያ» የሚሉት የግራ ተከላካይም ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ሲጎተት ሲጎተት፣ ሁለቱ አንዱ ከሌላው ተውሶ በሰበረው ብስክሌት ምክንያት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖረዋል ለካ። ሜዳ ላይ አንዱ ሌላውን አይጠራም። ግቡ ሁሉ ሲገባ የከረመው በኩርፊያቸው በኩል ነበር! የቀድሞው አሰልጣኝ ጥድፊያን ሲገሥጽ ከረመ እንጂ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ካርታ ሁለቱን ሰሌዳው ፊት አቁማ አንተ መቼ ትጠራዋለህ፣ አንተስ ስትጠራ ወዴት ትሄዳለህ እያለች ስታፋጥጣቸው፣ ሳያስቡት መነጋገር ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሯ ይኸው ሆነ። በዕረፍት ሰዓት ሌሎች አሰልጣኞች የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ሲጮኹ፣ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥና «እሺ፣ አስረዱኝ» ትላለች። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሞግታል። ካልገባት አልገባኝም ትላለች፤ አታፍርም። ለእሷ እስኪገባት ሲያብራሩ ታዲያ ለራሳቸው ፍንትው ይልላቸዋል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አራት ለባዶ ተሸነፉ። ባሏ ይህን ሲሰማ ምግቡ ትን እስኪለው ሳቀ፤ ጂኦግራፊውን አስተምሪያቸው፣ ቢያንስ ጎሉ በየት በኩል እንደሆነ ይወቁ አላት። ቀጣዩን አቻ ወጡ። ከዚያ ማሸነፍ ጀመሩ፤ ሲጀምሩም እንደ ጉድ ነው። ጥድፊያ ሲወጣ መሰላል ይጠራዋል፤ መሰላል ሲጠራው ጥድፊያ ይመለሳል። እንደ ሽምግልና አባት ረጋ ብሎ ስለሚናገር «ሽማግሌው» የሚሉት አምበል መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ሁሉንም ያስማማል። ከውድድሩ መጀመሪያ ማንም ከቁጥር ያላስገባው ቡድን ለዋንጫ ደረሰ።

ይህን ጊዜ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። በጣም አመሰገናት፤ ምስጋናው ሲበዛባት ጠረጠረች። የዋንጫ ጨዋታ እንደሌላው አይደለም፣ በሰው ፊት ነው፣ የማውቀው የድሮ ዝነኛ አጥቂ አለና ለዚች ለአንዷ ቀን ቡድኑን እሱ ይያዝልን አላት። ካርታ እዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው ልጨርስ አለችው። ዳይሬክተሩ ብዙ ካንገራገረ በኋላ እሺ አለ፤ ከተሸነፋችሁ ግን ኃላፊነቱን የሚወስዱት እርስዎ ነዎት ብሎ አስጠነቀቃት።

ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካባት። አታውቅም ሊሏት ነው! ሳምንቱን ሙሉ ከባሏ እግር ሥር ቁጭ ብላ ኳስ ተማረች። ባሏ ከሬዲዮ ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው፤ በአፍ ሲሆን ያላሰለጠነው ቡድን የለም። የሰዓት ብሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ማን ማንን እንደሚከተል አሳያት። የተጋጣሚው ቁልፍ ሰው አሥር ቁጥሩ ነው፣ እሱን ካፈናችሁ አለቀ አላት። አመነችው።

በጨዋታው ዕለት መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ያን ሁሉ ትምህርት ዘረገፈችላቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሟት። አክብረዋት እንጂ ገብቷቸው አለመሆኑን ቆይታ ነው የተረዳችው። ወጥተው እንዳለቻቸው አሥር ቁጥሩን ተከተሉት፤ እሱም እንደ ጫጩት ከኋላው አስከትሏቸው ወዲያ ወዲህ አለ። በለቀቁት ክፍተት ጓደኞቹ ሁለት አስገቡ። ከዳይሬክተሩ ጎን የተቀመጠው የድሮ አጥቂ ራሱን ሲወዘውዝ ካርታ ከታች ሆና አየችው።

በዕረፍት ሰዓት ያዘጋጀችውን ሁለተኛ ዕቅድ ልትጀምር አፏን ስትከፍት፣ መሰላል ከጥግ ሆኖ ተናገረ። ልጁ ከሰው ፊት መናገር አይወድም።

«ቲቸር፣ ዛሬ እኮ አልጠየቁንም።»

ዕቅዱን የጻፈችበትን ወረቀት አጣጠፈችው። ልክ በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሩ የድሮውን አጥቂ አስከትሎ ገባ፤ ጊዜ የለም፣ እሱ ያናግራቸው አለ። ቡድኑ ከእጇ እየወጣ ነበር። እልፍ ብላ ግድግዳው ጋር መቆም ትችል ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ግቡና ተቀመጡ» አለቻቸው ለሁለቱም። «ልጆቹ ሊያስረዱን ነው።»

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። የድሮው አጥቂ ተቀመጠ። አምበሉ ሽማግሌው ጀመረ፤ አሥር ቁጥሩ ሆን ብሎ እየጎተተን ነው፣ ቦታችንን እንያዝ አለ። ጥድፊያ እሱን ስከተል መሰላል ሲጠራኝ አልሰማም አለ። ሌላው የእነሱ የቀኝ ተከላካይ እግሩን እያነከሰ ነው፣ በዚያ በኩል እንሂድ አለ። ካርታ እሱ አልገባኝም፣ እያነከሰ ለምን አልቀየሩትም ስትል፣ ቅያሪ ጨርሰዋል ብለው በአንድ ድምፅ መለሱላት። ፊሽካው ሲነፋ ሮጠው ወጡ።

ሁለተኛውን አጋማሽ እስከ ዛሬ ስትተርከው ቆማ ነው። መሰላል ይጣራል፣ ጥድፊያ ይመለሳል፤ በዚያ በሚያነክሰው ተከላካይ በኩል እየገቡ ሁለቱንም ግብ መለሱ። ሕዝቡ ጮቤ ረገጠ። መለያ ምት ላይ ዕድል ፊቷን አዞረችባቸው፤ ዋንጫውን ሌሎቹ ወሰዱት።

ካርታ ሜዳው ዳር ማልያ ስትሰበስብ፣ የድሮው አጥቂ የሽማግሌውን ትከሻ ይዞ ከዕረፍት በኋላ የተጫወታችሁትን ማን ነው ያስተማራችሁ ብሎ ሲጠይቀው ሰማች። ዳይሬክተሩ አጠገባቸው ቆሟል። ሽማግሌው እንባውን በክንዱ ጠረገና በጣቱ ወደ እሷ ጠቆመ።

«ማንም አላስተማረንም። እኛ ነን እሳቸውን ያስተማርናቸው» አለ፤ ደረቱን ነፍቶ። «ጎበዝ ተማሪ ናቸው።»

ካርታ ላብ ያራሰውን ማልያ እንዳቀፈች ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ዕድሜ ልኳን ለስንቱ ተማሪ ጎበዝ ስትል ኖራለች፤ ለእሷ ግን ያን ቀን ነው የተባለላት።