ያልታጠፈው የኮት ቅድ

በዚያ ዕለት በአዳራሹ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ከአርባ ምንጭ የመጡት የልብስ ቅድ አሠልጣኛችን፣ አንዲት አማት ከነምራቷ፣ ለመዘምራን ካባ የሚሰፋ አንድ የጎፋ ሰው፣ ከዲመካ መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈች ባለሱቅ፣ ጡረታ የወጣው አሥር አለቃ ጎረቤቴ፣ እኔም። ሥልጠናውን ሊጎበኙ የመጡ አንድ ኃላፊም ነበሩ፤ ይሁንና እሳቸው በስፌት መኪና ፊት ቆመው ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ «ሌላ ሚቲንግ አለብኝ» ብለው ስለ ሄዱ፣ ከተገኙት ሳይሆን ከታዩት ቢቆጠሩ ይሻላል። ሥልጠናው በተከፈተ ሰሞን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የውሎ አበል እንደሌለው በተረጋገጠ ማግስት ግን የሙያ ፍቅር ያለን ሰዎች ብቻ ቀረን፤ ማለትም ሌላ የምንሄድበት የሌለን።

ለሚያውቁኝ ሁሉ የእኔ በዚያ መገኘት እንቆቅልሽ ነበር። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጂንካ ጂኦሜትሪ በማስተማር ነው። ከጡረታ በኋላ መርፌ መያዜን አንዳንዶች የአእምሮ ድካም ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ እኔም ማብራሪያ ስላልሰጠሁ ወሬው ያለ አንዳች ችግር አደገ። ነገሩ እንዲህ ነው። የግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ጀርባዬም በዚያው ወገን ጥቂት ይጎብጣል። እንዴት እንደ ሆነ እዚህ አልጽፍም። የሚያውቁት አይጠይቁኝም፤ የሚጠይቁኝም ለማወቅ ብለው አይደለም። ይህን ጀርባ ለብዙ ዘመን በጋቢ ሸፍኜ ኖሬአለሁ። በጂንካ በቀትር ጋቢ ተከናንቦ የሚሄድ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ ምሁር ነው፤ ሁለቱንም ሳላስተባብል፣ ከተማው የፈለገውን እንዲያምን ተውኩት።

ይህ ሥርዓት የተናጋው ልጄ ልታገባ ስትነሣ ነው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባቷ ክንዷን ይዞ፣ በግራና በቀኝ በቆመው ሰው መካከል አልፎ፣ እስከ መኪናው ያደርሳታል። እኔ ይህን ሥራ ለሟች ባለቤቴ ወንድም ለመስጠት ወስኜ ነበር። አጎቷ ቀጥ ያለ ትከሻ አለው፤ ሌላ ምን እንዳለው እስካሁን አላጣራሁም። ውሳኔዬን ስነግራት ልጄ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን እንኳ አላቆመችም።

«አጎቴ አላሳደገኝም» አለች።

«አጎትሽ ግርማ ሞገስ አለው።»

«ግርማ ሞገሱን ሌላ ሠርግ ይዞ ይሂድ። አባዬ፣ ጋቢህን ቤት ትተህ፣ ኮት ለብሰህ፣ አንተ ነህ ይዘኸኝ የምትወጣው። እምቢ ካልክ ብቻዬን እወጣለሁ። ያን ጊዜ ሰው የሚያወራው ስለ ትከሻህ ሳይሆን ስላንተ ይሆናል።»

ክርክር ያስተማርኳት እኔው ራሴ ስለ ሆንኩ፣ ቅሬታ የማቀርብበት ቦታ አልነበረኝም።

ኮት ማሰፋት ቀላል ይመስላል። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ በየበረንዳው የተቀመጡት የጂንካ ልብስ ሰፊዎች እጅግ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ሜትሩ ከቀኝ ትከሻዬ ተነሥቶ ግራው ጋ ሲደርስ የሰፊው ዓይን በድንገት የቆርቆሮውን ጣሪያ መመርመር ይጀምራል፤ የቀኙ ቁጥርም ለግራው ይሰጣል። በዚህ አኳኋን በየዘመኑ የተሰፉልኝ ኮቶች ሁሉ ለአንድ ቀጥ ላለ ሰው የተሰፉ ነበሩ፤ ሰውየውን አግኝቼ ባስረክበው ደስ ባለኝ። እኔ ላይ ግን ኮሌታው ከአንገቴ ይሸሻል፣ የግራው እጅጌም እጄን ይውጣል። ሰፊው ይህን ሁሉ ያይና «ጋሼ፣ ሲታጠብ ልክ ይገባል» ይለኛል። ታጥቦ ልክ የገባ ትከሻ እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ቅድ ማውጣቱን ራሴ ልማር አልኩ። ሜትር፣ ማስመሪያና ጠመኔ የዕድሜ ልክ ባልንጀሮቼ ናቸው፤ ማንም ጀርባዬን ሳይነካ፣ በሬን ዘግቼ፣ ለራሴ እለካለሁ፣ ለራሴም እሰፋለሁ ብዬ አሰብኩ። አሠልጣኛችን ይህን የመሰለውን እቅድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሱት።

«ራሱን የሚለካ ሰው ይዋሻል» አሉ፤ «ጥንድ ጥንድ ሁኑና ተለካኩ።»

ለእኔ የደረሰኝ አሥር አለቃው ነበር። ሥልጠናውን የጀመረው ባለቤቱ ቀን ቀን ከቤት እንዲወጣላት ስለ ፈለገች ነው፤ እሱ ግን «ሙያ አያረጅም» ይላል።

«መምህር፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ» አለኝ። ዞርኩ። ሜትሩ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ግራው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጥቂት አሰበ። ከዚያም «ትከሻ፣ ግራ ከቀኝ እኩል» ሲል በሰልፍ ሜዳ ድምፅ ለአዳራሹ አበሠረ። ማንም አልሳቀም። እኔም ጻፍኩት። በሰው መካከል «እኩል አይደለም» ብሎ መናገር ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል።

ቅድ የሚሠራው በተራገፈ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ መሃል ለመሃል ይታጠፋል፤ በአንዱ ወገን የግማሽ ጀርባ መስመር ይሠመራል፤ ሁለቱም በአንድ መቀስ ይቆረጣሉ፤ ሲዘረጋ የሰው ጀርባ ይሆናል። የፈጣሪን ሥራ በግማሽ ድካም ማጠናቀቅ ነው። ይህን ሥራ ወደድኩት ብል አላጋነንኩም፤ አሠልጣኛችንም «የመምህር መስመር መጽሐፍ ይመስላል» ብለው ለሌሎቹ አሳዩ። ጀርባዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአርአያነት ተጠቀሰ፤ የእኔ አለመሆኑ ብቻ ነበር እንከኑ።

ዋናው ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ቅዱ በአቡጀዲ ተሰፍቶ ይሞከራል። ሁላችንም ነጭ በነጭ ለብሰን በአዳራሹ መሃል ቆምን።

«መምህር» አለ አሥር አለቃው፣ «አቡጀዲ ለብሰህ ሳይህ ለመቀበር የቸኮልክ ትመስላለህ።»

«አንተ ደግሞ በግማሽ ተገንዘህ ጨርቁ ያለቀብህ» አልኩት። ኮቱ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎት ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ይጎትታል።

እሱ ብቻ አልነበረም። የአማቲቱ ቀሚስ ከዳሌዋ በላይ ቆሞ አልወርድም ብሏል። ባለሱቋን የለካት የጎፋው ሰው ነው፤ የሰው ሚስት ላለመንካት ሜትሩን ከሰውነቷ አርቆ በአየር ላይ ስለ ለካት፣ የወጣው ቀሚስ ለእሷና ለአንዲት ጎረቤቷ ይበቃል።

«ጌታ ይመስገን፣ ሰፋ ያለ ነው» አለ እሱ።

«ይሄማ ድንኳን ነው» አለች ባለሱቋ፤ «ካስማውን አምጣልኝ።»

የእኔው አቡጀዲ እንደ በረንዳዎቹ ኮቶች ኮሌታውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ግራ እጄን ውጦ ተንጠልጥሏል። አሠልጣኛችን አንድ ጊዜ ዞሩን፤ ሁለተኛ ዞሩን።

«ቅዱ የሁላችሁም ትክክል ነው» አሉ፤ «የተቀደደላቸው ሰዎች ግን እዚህ የሉም። አንቺ፣ የአማትሽን ዳሌ ማን ቀነሰው?»

ምራትየዋ መሬት መሬት አየች። «ታዲያ እንዴት ብዬ እትዬ? የእማማን ዳሌ በሰው ፊት በአፌ ልጥራው?»

እኔም ወደ አሥር አለቃው ዞርኩ። «ለምን እኩል ነው አልክ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ጓደኛዬ ሆነህ ጉድለትህን በጩኸት ላውጅብህ? አንተስ ሆዴን አራት ጣት ቆርጠህልኝ የለም እንዴ?»

ቆርጬለታለሁ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ለማንም እንዲህ ያለ ነጥብ ለግሼ አላውቅም።

«በዚህ ከተማ ሰው አይለካም፤ ይወደሳል እንጂ» አሉ አሠልጣኛችን። ነቀፋ ነበር፤ አማቲቱ ግን ምስጋና መስሏት «ይስጥልን» አለች።

የጎፋው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ግራው ላይ ስፖንጅ ይግባበት። እኩል ይሆናል፤ ማንም አያውቅም።» ቅን ሰው ነው፤ የሰጠኝም ምክር በየትኛውም በረንዳ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «ማንም አያውቅም» የሚለው ቃል ለእኔ ምክር አልነበረም፤ ስንት ዘመን የኖርኩበት ቤት ነው። አሠልጣኛችን ሰምተውት ኖሮ «ስፖንጅም ቢሆን ልክ ይፈልጋል» አሉ። «በየቤታችሁ ሰው ተለክታችሁ፣ እውነተኛውን ቁጥር ይዛችሁ ኑ። የቤት ሰው አያፍርም።»

«የእኔዋ ደስታዋን አትችለውም» አለ አሥር አለቃው፤ «ሆዴን ስትቆጥርብኝ ነው የኖረችው።»

እኔ ቤት ያለችው ልጄ ብቻ ነበረች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስለ አየሩ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ ብልሽት አወራሁ። በመጨረሻ ሜትሩን ራሷ አነሣች።

«ዙር» አለች።

ጋቢዬን አውልቄ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያንን ጀርባ የነካ ሰው አልነበረም። ልጄ ጣሪያ አላየችም። ቀኙን ለካች፣ ግራውን ለካች፣ የጎበጠውን ወገን ከአንገት እስከ ወገብ ለብቻው ለካች፤ ቁጥሮቹንም እንደ ገበያ ዋጋ ጮክ ብላ ነገረችኝ።

«ግራው ከሦስት ጣት በላይ ዝቅ ይላል» አለች።

«ዛሬ ነው ያወቅሽው?»

«ሕፃን ሆኜ ትከሻህ ላይ ስታስቀምጠኝ ሁልጊዜ ቀኙን ነበር የምመርጠው። ከግራው እንሸራተት ነበራ።» ሜትሩን ጠቀለለችው። «ሌላ የሚለካ አለህ?»

የለኝም አልኩ። ለተወሰነ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ነበረብኝ፤ እዚያም የሚታይ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ አዲስ የከረጢት ወረቀት ዘረጋሁ፤ አላጠፍኩትም። ግራውን ለብቻው፣ ቀኙን ለብቻው አሠመርኩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ኮት አይመስሉም፤ ጂኦሜትሪ የሚወድ ዓይን ያዝንባቸዋል። አሠልጣኛችን ወረቀቱን አይተው ጠመኔ አነሡ፤ የግራውን ክንድ ማስገቢያ ጥቂት ዝቅ አደረጉና «አሁን ክንድዎ ይተነፍሳል» አሉ። ግራጫ ሱፍ ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት፤ ፈታሁት፤ ሁለተኛ ጊዜም ገልብጬ ሰፋሁት፣ ምክንያቱም የተማረ ሰው ከስሕተቱ ለመማር ጊዜ ይፈልጋል። ገበሩን ግን ባለሱቋ እንኳ አገላብጣ አይታ «አይነቀፍም» ብላለች፤ በገበያ ቋንቋ ይህ ትልቅ ዲፕሎማ ነው።

በሠርጉ ቀን አጎትየው ከደሴ ድረስ መጥቶ፣ ትከሻውን ቀጥ አድርጎ፣ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። «ለማንኛውም ብዬ ነው» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ጋቢዬን አጥፌም አስያዝኩት። ልጄ ከጓዳ ወጣች፤ ጉልበቴን ሳመች፤ መረቅኳት፤ ክንዷን ያዝኩ።

ወጣን። ኮቱ ትከሻዬን አላቀናውም፤ እንዲያ እንዲያደርግም አልሰፋሁትም። ዝቅ ያለው ዝቅ እንዳለ፣ ጨርቁ ግን ሳይሸሽና ሳይጎተት ተከትሎት፣ በጠራ ፀሐይ ለጎረቤቱ ሁሉ ታየ። ጨዋው ሕዝብ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ጨነቀው፤ አንዳንዶች ሰማዩን ስለ ዝናብ መረመሩ። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ ዛሬስ አማረብዎ፤ ለካ የሚያጎብጥዎት ጋቢው ነበር» አሉኝ። ይህን ምርመራ በየትኛውም ሐኪም ቤት አላገኘሁም ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ።

«አባባ፣ ትንሽ ዞር ቢሉልኝ… በቀኝዎ በኩል… ግራው ጥላ አለበት።»

ጥላ አልነበረበትም። ልጄ ክንዴን ጠበቅ አደረገች፤ እኔም ሙሉ ጀርባዬንና ሙሉ ፊቴን ይዤ ቆምኩ።

«እንዳለ አንሣው» አልኩት።

አነሣው። ከዚያ መኪናው ሄደ፤ አጃቢው በሙሉ ጥሩምባውን እያስጮኸ ወደ ሙሽራው ወገን ተከተለ፤ ግቢው ፀጥ አለ። ከድንኳኑ ሥር የቀረነው ወንበር የሚደራርበው የጎፋው ሰው፣ አሥር አለቃው ከነባለቤቱ፣ የልጄ አጎት፣ እኔም ከነኮቴ ነበርን። በጠቅላላ አምስት።