ሆዳንን ያስተማርኳት ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ገበያ ውስጥ በበርበሬ ሻጮቹ በኩል ሳልፍ፣ አንዲት ሴት ከማዳበሪያ ወደ ሰፌድ ስትገለብጥ ብናኙ አፍንጫዬን ሞላውና ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ «ይማርሽ፤ የማረቆ ነው» አለችኝ። ዓይኔን በሻርፔ ጫፍ እየጠረግሁ መንገዴን ብቀጥልም፣ ሐሳቤ ግን ወደ ቡታጅራ፣ ወደ አባቴ የበርበሬ መጋዘንና እዚያ ውስጥ ሲያስነጥሱ ወደከረሙት ሦስት ሰዎች ሄደ።

አባቴ ከማረቆው ቆሼ ገበሬዎች በርበሬ እየገዛ አዲስ አበባ የሚያራግፍ ነጋዴ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከእንዲህ ያለው ጉዞ ሲመለስ፣ ከጭነት መኪናው ጋቢና አንዲት ረጅም ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ደግሞ ቀሚሷን ይዛ ወረዱ። ሴትዮዋ ሀሊማ ትባላለች፤ ከሞቃዲሾ ጦርነት ሸሽታ፣ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ነበረች። ባሏ በደጉ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ከአባቴ ጋር የነገደ ሰው ነበርና፣ አባቴ አዲስ አበባ አንድ ወዳጁ ቤት ተጠግታ ሲያገኛት ትቷት መምጣት አልሆነለትም።

እማዬ መጋዘኑን አስጠርጋ፣ ግድግዳውን አስለስና፣ ፍራሽ አነጠፈችላቸው። ዳሩ ግን የስንት ዓመት በርበሬ የጠጣ ግድግዳ በአንድ ልስን አይለቅም፤ ወር ሙሉ ሲያስነጥሱ ከርመው፣ ጠዋት ጠዋት ማን ቀድሞ እንደተነሣ ከማስነጠሳቸው እንለይ ጀመር። የልጅቱ ስም ሆዳን ነበር፤ የሰፈራችን ልጆች ገና በሁለተኛው ቀን «ሆዳም» አደረጉት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሦስት ወንዶች በኋላ የተገኘሁ ብቸኛ ሴት ልጅ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የእማዬ ጉልበት የእኔ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በጉልበቶቿ መካከል ተቀምጬ ፀጉሬን ቅቤ እየቀባች ስትጎነጉነኝ ዓለም ሁሉ የእኔ ይመስለኝ ነበር። ሆዳን ከመጣች ወዲህ ግን ቀድማ የምትቀመጠው እሷ ሆነች፤ የእኔ ተራ ሲደርስ የእማዬ እጅ ደክሞ ጉንጉኑ ይላላል። ቆጮ ሆዳን ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ስታስል ያየችው እማዬ፣ በሕይወቷ ሩዝ ቀቅላ የማታውቀው ሴት፣ ከሀሊማ ተምራ ሩዝ መቀቀል ጀመረች። አባቴ ለአረፋ ያመጣልኝን አረንጓዴ ጨርቅም ለሁለት ቆርጣ ሁለት ቀሚስ አወጣችበት፤ ሁለቱም ከጉልበት በላይ ቀሩ። ባኮርፍ «እሷ እንግዳ አይደለችም ወይ» ትለኛለች። እንግዳ ስንት ወር እንግዳ ሆኖ እንደሚቆይ የሚነግረኝ አልነበረም።

አማርኛ የማስተማሩን ሥራ የሰጠችኝም እማዬ ናት፤ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት አፏን ፍቺላት አለችኝ። በሩን፣ ውሃውን፣ ዶሮውን እያሳየሁ አስተማርኳት፤ ትፈጥን ነበር፤ መፍጠኗም አናደደኝ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በቅል እርጎ አምጥተውላቸው ሲሄዱ፣ ሆዳን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ወደ ቅሉ እያመለከተች፣ ለሰጠ ሰው ምን እንደሚባል በምልክት ጠየቀችኝ። «አይበቃኝም» አልኳት። ደጋግማ አጠናችው። እማዬ እንዳትሰማ ስለፈራሁም፣ ለቤት ሰው እንደማይባልና ለጎረቤት ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት።

መጀመሪያ ያሰብኩት አንድ ጊዜ ስቄ ላበቃ ነበር። ሆዳን ግን እንጀራ ለሰጣት፣ አሮጌ ጫማ ላመጣላት፣ እስክርቢቶ ላዋሳት ሁሉ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በለሰለሰ ድምፅ «አይበቃኝም» ትል ጀመር። እትዬ ዘይነባ የመጀመሪያውን ቀን ስቀው ጨመሩላት። በሁለተኛው አልሳቁም። ሆዳን ደግሞ ያወቀችውን ለእናቷ ሳታስተምር የማታድር ልጅ ነበረች።

በአረፋ ዕለት የሰፈሩ አባወራዎች በሬ ጥለው ሲካፈሉ፣ ሽማግሌው ሀጂ ከድር ከየመደቡ አንዳንድ ቁራጭ አስነሥተው ለሀሊማ ራሳቸው ይዘውላት መጡ። ሀሊማ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አይበቃኝም» አለቻቸው። ሆዳንም ከጎኗ ቆማ ደገመችው። ሀጂ ከድር «እኛም ያለን ይኸው ነው፣ ልጄ» አሉና ዞረው ሄዱ። አረንጓዴዋን አጭር ቀሚሴን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አሁን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ወደ መጋዘኑ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ሀሊማን በርበሬ ለመቀንጠስ ይጠሯት የነበሩ ሴቶች መጥራት ተዉ፤ ልጆቹም ከሆዳን ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ሀሊማ ምን እንዳጠፋች ስለማታውቅ ግቢውን በቀን ሁለቴ ትጠርግ ነበር።

ነገሩን ለእማዬ የነገሯት እትዬ ዘይነባ ናቸው። እማዬ ሁለታችንንም ጠርታ ከፊቷ አቆመችን።

«ሆዳን፣ ይህን ቃል ማን አስተማረሽ?»

ሆዳን ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ትርጉሙ ገብቷት እንደነበር ከፊቷ አወቅሁ። «ራሴ» አለች።

«አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ?» አለችኝ እማዬ።

«የለም።»

እማዬ ሌላ አልጠየቀችም። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ሀሊማን አስከትላ፣ እኔን በእጄ ይዛ ከሀጂ ከድር ቤት ጀምራ ሰባት ቤት ዞረች። በየቤቱ ሰላምታዋን ሰጥታ «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ የእኔን አማርኛ ታውቁት የለ? ማመስገን መስሎኝ ነው» ትል ነበር። የመስቃን ገጠር ተወላጅ ነበረች፤ አማርኛዋ ሲሰበር ድሮም ይሳቅባት ነበርና ሁሉም አመኗት። ሀጂ ከድር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እማዬም አብራቸው ሳቀች፤ እጄን የያዘው እጇ ግን አልላላም። በሰባቱም ቤት አፌን አልከፈትኩም።

ሰዉ ተመለሰ፤ ሀሊማም ሥራዋን አገኘች። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሟ ናይሮቢ ሆኖ ሲያስጠራቸው፣ እማዬ መናኸሪያው ላይ የብር ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውልቃ ለሆዳን አደረገችላት። ቀናሁ። ስልክ ከገባ ወዲህ ሆዳን አርብ አርብ ትደውልላት ነበር፤ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩበት ከወልቂጤ ልጠይቃት ስሄድ እማዬ የምታወራልኝ የሆዳንን ወሬ ነበር። ያኔም ቀናሁ።

እማዬ አምና ሞተች። በሦስተኛው ቀን ሆዳን ደወለች፤ «እማዬ» እያለች ስታለቅስ የእኔን ቃል የወሰደችብኝ መሰለኝ። ልቅሶዋ ጋብ ሲል፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ «ያኔ ያስተማርኩሽን ቃል ለእማዬ ሳልነግራት ሞተችብኝ» አልኳት።

ሆዳን «ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ልንሄድ ስንል ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ። ‹እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት፣ ራሷ ትነግረኛለች› አለችኝ። በየጊዜው ስደውል፣ ‹ነገረችሽ?› እላታለሁ። ‹ገና ናት› ትለኝ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ በእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር፣ ወሬዬን ስጨርስ፣ ፊቴን ትክ ብላ እያየች «ሌላስ?» ትለኝ ነበር። የወልቂጤን ወሬ የፈለገች እየመሰለኝ፣ ስለ ገበያውና ስለ ተማሪዎቼ እነግራት ነበር።