ጋሼ የነኩት ፕሮግራም

ካሮልተን ያለችው አፓርታማዬ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ሥራችን የባዮሎጂ ተመራማሪዎች የጻፏቸውን ነጻ ፕሮግራሞች ማንም ሰው በቀላሉ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭናቸው አድርጎ ማሰናዳት ነው። ክፍያ የለውም። ሰዎቹን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ፤ በዕድሜም ስለምበልጣቸው ጋሼ ይሉኛል። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በችሎታ ከሁሉም የሚበልጠው በዲቪ ሎተሪ የመጣ፣ አገር ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ አሁን ጎረቤት ከተማ ሌዊስቪል መጋዘን የሚሠራ ሰው ነው። አንድ ፕሮግራም አልሠራ ብሎ ሲያስቸግረው ተቀብዬ አንድ መስመር ቀየርኩና «በል ጨርሰው» ብዬ መለስኩለት። ጨረሰው፤ ለሕዝብ ለቀቅነው።

ከወር በኋላ፣ አንድ ዓርብ ሥራ ቦታ ምሳዬን ስበላ፣ ከማላውቀው ሆስፒታል ኢሜይል ደረሰኝ። የጻፈችልኝ ተመራማሪ የሕፃናትን ዘረመል የምትመረምረው በዚያ ፕሮግራም ነበር። የእሷ ውጤትና ባልደረባዋ በሌላ መንገድ ያገኘው ውጤት አልገጠሙም። «የቱን ልመን? ሰኞ ለወላጆች እንናገራለን» ትላለች። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

ፓርኪንግ ወርጄ ለሌዊስቪሉ ሰው ደወልኩ።

«ያ ፕሮግራም ውጤቱን ራሱ የሚፈትሽበት ቴስት ነበረው አይደል? ምን ውጤት ሰጠህ?»

«ፌይል አድርጎ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያስ?»

«ኦፍ አደረግኩት። ማለቴ፣ እርስዎ የነኩት ነው። ተሳስተዋል ልበልዎት እንዴ?»

ልቆጣው ፈለግኩ። ግን ምን ብዬ? ከዚያ በፊት ከቡድናችን አንዷ ስህተቴን ስትጠቁመኝ «አንቺ ገና ትናንት የጀመርሽ» ብዬ በሰው ፊት ያሸማቀቅኳት እኔው ነኝ።

ለተመራማሪዋ «የእኛን አይመኑ፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። ቅዳሜም አልመጣም። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ የማስበው የማላውቃቸውን እናቶች ነበር፤ ጤነኛ ልጇን ታሟል የሚሏትን፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ የታመመውን ደህና ነው ብለው የሚሸኟትን።

ሰኞ ጠዋት መልሱ መጣ። ለማንም አልተነገረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከእንግዲህ ስሳሳት ፊት ለፊት ንገሩኝ አልኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሆን ብዬ ያበላሸሁትን ሥራ እንዲያዩልኝ ሰጠኋቸው። ስህተቱ ለጀማሪም የሚታይ ነበር። ላፕቶፑን እየተቀባበሉ አነበቡት። አንዷ ወደ ሌላው አየች፤ ሌላው ወደ ወለሉ።

«አሪፍ ነው፣ ጋሼ» አለ የሌዊስቪሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አሥራ ሰባት ፕሮግራሞች ለቀን ነበር። ሁሉንም የነካኋቸው እኔ ነኝ።